እናቴ ቦይ ውስጥ የተቀመጠችበት አርብ

ቡሬ ዳር፣ ድሮ የውሃ ወፍጮ በነበረበት ስፍራ፣ መናፈሻ ተሠርቷል ሲሉኝ ባለፈው ሰንበት ሄጄ አየሁት። ቦዩ ንጣፍ ድንጋይ ለብሷል፣ ዳር ዳሩን አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፣ የወፍጮው ድንጋይ እንኳ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ወጣቶች ፎቶ ይነሱበታል፤ እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የረጠበውን አፈርና ሣር ሳሸትተው ንጣፉም ወንበሩም ጠፋና የታላቅ እህቴ የሠርግ ሰሞን ድቅን አለብኝ።

ያኔ ውሃው በተራ ነበር። ሌላውን ቀን ወፍጮውን ሲያዞር ይከርምና አርብ ከቀትር በኋላ ወደ ሽንኩርት ማሳዎች ይቀለበሳል፤ ተራውን የሚያስከብሩት የውሃ አባታችን አያ ደረሰ ነበሩ፣ አካፋ ከትከሻቸው የማይወርድ፣ ለዘመድ የማያዳሉ ሰው። የሠርጋችን ጤፍ ገና ግማሹ እንደ ተፈጨ ውሃውን ቀለበሱትና ድንጋዩ ቀጥ አለ። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ሊጡ ዛሬ ካልተቦካ እንግዳው ባዶ ሰሐን ሊያይ ነው። ከተማ ውስጥ የሞተር ወፍጮ ነበር፤ እናቴ ግን የሞተር ዱቄት ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ልጄን በናፍጣ አልድርም ብላ ምላለች፤ እሷ ከማለች ደግሞ አለቀ።

ስለዚህ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወረደችና ውሃው ወደ ማሳው በሚገባበት አፍ ላይ ዘጭ አለች። እናቴ ቀጭን ሴት አልነበረችም። ውሃው መሄጃ ቢያጣ ወደ ወፍጮው ተመለሰ፣ ድንጋዩም እያጉረመረመ መዞር ጀመረ።

አያ ደረሰ እየሮጡ መጥተው አካፋቸውን አነሱ፣ መልሰው አወረዱ፤ ጭቃ ቢሆን ይዝቁት ነበር፣ የሰው ሚስት በአካፋ አይዛቅ ነገር።

«አንቺ የሺ፣ ተነሽ! የሰው ተራ ነው!»

«አያ ደረሰ፣ እርስዎን እንደ አባቴ ነው የማከብርዎ፤ ቁጭ ብዬ ስላናገርኩዎ ይቅር ይበሉኝ» አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

ይሄኔ ሰውየው ቸኩለው ተሳሳቱ፤ «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። በአገራችን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ የሚሸሽ ሌባ እንኳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እናቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ «እሺ ጌታዬ፣ ሕግ አከብራለሁ፤ እንግዲህ ዳኛ መጥቶ ያስነሳኝ» አለች። ዳኛው ከገበያ ተፈልገው እስኪመጡ ጀምበር አዘቀዘቀች፣ ጤፉም ተፈጭቶ አለቀ።

እሑድ እንጀራው ሞልቶ ተረፈ። እናቴ ግን ድምጿ ተዘግቶ በገዛ ልጇ ሠርግ እልል ማለት አቃታትና እሷ አፏን ስትከፍት እኛ በፋንታዋ እልል አልንላት። አያ ደረሰ ከፊት ተቀምጠው፣ ሽንኩርታችን ውሃ የጠማው ለዚህ ነው እያሉ እንጀራ ያስጨምሩ ነበር።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። የመናፈሻውን ጠባቂ ውሃው አሁን የማን ተራ እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ኧረ እትዬ፣ ለዓይን ነው እንጂ!» ብሎ ሳቀብኝ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ነከርኩና ወዲያው አወጣሁት፤ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ ነው። ያን አርብ እኛ ልጆቹ ዳር ቆመን በሳቅ ስንንከተከት፣ እናቴ እዚህ ውስጥ ከቀትር እስከ ማታ ተቀምጣ ነበር። እንዲህ የሚቀመጥልኝ ሰው ዛሬ የለኝም።