ተሬፋ ለእናቱ አስተርጓሚ ያቆመ ዕለት

ተሬፋን አምቦ ውስጥ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጓሮዬ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ የወንጌላዊነት ትምህርት ተምሯል። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ የማርያም ነኝ። ሃይማኖቱን አልነካበትም፤ የማወራው ስለ ሰውየው ነው።

የካቺሲ ገበሬ ልጅ ነው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ ኦሮምኛው ደግሞ ማር ነበር። መጀመሪያ የመጣ ሰሞን በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ አባቱ በሬዎች ሲያወራ፣ እኔ ሥራዬን ትቼ እሰማው ነበር። ከዚያ ትምህርት ገባ፣ ነገር ተበላሸ።

ትምህርት ቤቱ ምን እንዳስተማረው አላውቅም፤ እሱ የተማረው ላብ መጥረግ ነው። ጠዋት ጠዋት ግቢዬ መሐል ይቆምና ነጭ መሃረብ አውጥቶ ግንባሩን ይጠርጋል፤ ገና ሳያልበው። ቀጥሎ ድምፁን ያጎረንናል። ‹‹ሃሌሉያ በሉ›› ይላል፤ ዶሮዎቼ ናቸው የሚመልሱለት።

‹‹ተሬፋ፣ ጉንፋን ያዘህ እንዴ?›› አልኩት አንድ ቀን።

‹‹አይ እማማ ጥሩነሽ፣ ይሄ የቅባት ድምፅ ነው።››

‹‹እኔ የማውቀው ቅባት ያጣ በር ሲጮህ ነው›› አልኩት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ።

አብራው የምትማር ኤቢሴ የምትባል የጉደር ልጅ ነበረች። ደብተሯን አቅፋ፣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ ሰላምታዋ እንኳ በግድ የሚሰማ። ተሬፋ ‹‹ይቺ ደግሞ ልትሰብክ›› እያለ ይስቅባት ነበር።

ኮሮና ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ትምህርታቸው ሊያልቅ ሲል፣ ካቺሲ ያለች ቸርቻቸው ወንጌላዊ ፈለገች። ደንባቸው እንዲህ ነው፦ ተማሪው አንድ እሁድ ይሄድና ይሰብካል፣ ሽማግሌዎቹ ያዳምጡታል፣ ከወደዱት እዚያው ይቀጥሩታል። ደሞዝ አለው፣ ቤት አለው፣ ገጠሩን የሚዞርበት ሞተርም አለው። ተሬፋ ይቺን ሥራ ካላገኘ ተመልሶ የሚይዘው ሞፈር ነው፤ ይሄንን ራሱ ነው የነገረኝ። ሞኝ አይደል፣ ገና ሳይሰብክ ሄልሜት ገዝቶ መጣ። አጥልቆት በግቢዬ ሲንጎራደድ ጎረቤት ሁሉ በአጥር ያየው ነበር።

‹‹በል ይቅናህ›› አልኩት። ‹‹አገርህ ነው፣ በኦሮምኛህ ስታወራላቸው ይወዱሃል።››

‹‹በአማርኛ ነው እማማ። ኤቢሴ ታስተረጉማለች።››

‹‹ለማን?››

‹‹ለሕዝቡ ነዋ።››

‹‹ሕዝቡ አጎቶችህ አይደሉም እንዴ?››

‹‹እርስዎ አይገባዎትም። ትልልቆቹ ሰባኪዎች ከአዲስ አበባ ሲመጡ ሁሌም በአስተርጓሚ ነው። አጠገብህ ሰው ሲቆምልህ ክብደት አለው።››

ሰዎቹ ቋንቋ ቢያቅታቸው ያደረጉትን እሱ ማዕረግ አደረገው። ሞኝ ሲሮጥ መንገድ መዝጋት ደግ አይደለም።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተኮናትረው ሲሄዱ እኔም ተሳፈርኩ። ልጄ ሩት ካቺሲ አስተማሪ ናት፤ ነጻ መኪና ተገኝቶ የምቀር ሴት አይደለሁም። እሁድ ጠዋት ‹‹ልሳለም ልሂድ›› አልኳት። የት እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። አማተብኩና የጴንጤዎቹ አዳራሽ በር ሥር ተቀመጥኩ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። እናቱ ፊት ወንበር ላይ ናት፤ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ መጥታ። ተሬፋ ሱፉን ግጥም አድርጎ ወጣ፣ መሃረቡን መዘዘ።

‹‹የተወደዳችሁ ወገኖች፣ የዛሬው ርዕሳችን ሦስት ዋና ዋና ነጥቦች አሉት›› አለ።

ኤቢሴ በኦሮምኛ፣ ‹‹ወገኖቼ፣ ከሩቅ የመጣችሁ አላችሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና እግራችሁን አሳርፉ›› አለች።

ሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ፤ አምቦ ተወልጄ እንዴት አላውቅም? ነጥብ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም።

ስብከቱ ዘር ሊዘራ ስለ ወጣው ሰውዬ ነበር። እሱ ‹‹ዘሪው የሚያመለክተው ባለ ራእዩን አገልጋይ ነው፤ አገልጋይ ስትራቴጂ ያስፈልገዋል›› ይላል። እሷ ደግሞ ‹‹አምና ጭንጫው ላይ የዘራችሁት ጤፍ ምን ሆነ? በቀለ፣ ግን ሥር አልነበረውም። የኛም ልብ እንደዚያ ነው›› ትላለች። ውሸት አልጨመረችም፤ ያው ዘሪውን ነው። እሱ መድረክ ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው፣ እሷ ማሳ ውስጥ ገብታ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። ተሬፋ ሁሉም ለሱ መሰለው፤ ድምፁን አጎረነነ፣ ግንባሩን ጠረገ። እንግዲህ ኦሮምኛ ይሰማል እኮ። ግን የራሱን ድምፅ ሲያዳምጥ የሷን የት ይስማ?

መሐል ላይ እናቱ ብድግ አለች።

‹‹ኢልማ ኮ›› አለችው፣ ልጄ ማለቷ ነው። ‹‹አረብኒ ኬ ማል ተኤ? ምላስህን ምን ነካብኝ? አምቦ ምን አበሉህ?››

ሁሉንም ያለችው በኦሮምኛ ነው። እውነት ልጇ የታመመ መስሏታል።

ያን ጊዜም ቢሆን መዳን ይችል ነበር። በናቱ አፍ አንዲት ቃል፣ ‹‹እማ፣ ደህና ነኝ›› ቢላት፣ ሰዉ ስቆ ያልፍለት ነበር። እሱ ምን አደረገ? ወደ ኤቢሴ ዘንበል ብሎ፣

‹‹ምን እያሉ ነው?›› አለ።

እናቱን ነው። ያውም በአንቱታ።

ኤቢሴ ቆማ አየችው። ‹‹እናትህ ምላስህ ታሞ እንደሆነ እየጠየቁህ ነው›› አለችው በአማርኛ።

‹‹ደህና ነው በያቸው።››

ነገረቻት። እናቱ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ እሱን ቀና ብሎ ያየ ሰው የለም፤ ሁሉም ኤቢሴን ነው የሚያየው።

ሲያልቅ የሽማግሌዎቹ ዋና፣ ኦቦ ሌታ የሚባሉት፣ ሁለቱን ጠሯቸው። እኔ በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስር ነበር። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

‹‹ተሬፋ፣ እንደ እንግዳ መጣህ፣ እንደ እንግዳ እናመሰግንሃለን›› አሉት በኦሮምኛ። ‹‹ስብከቱን ወደነዋል። የሰበከችውን ልጅ እንይዛታለን።››

አሁን ማንንም አልጠየቀም። ‹‹ኦቦ ሌታ፣ እሷ እኮ አስተርጓሚ ናት! ስብከቱ የኔ ነው፣ ሌት ተቀን የለፋሁበት ነው›› አለ፤ ኦሮምኛው ጥርት ብሎ፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል።

‹‹እኛ የሰማነው የሷን ነው›› አሉት።

ኤቢሴ አንገቷን እንደ ደፋች ናት፤ ግን እምቢም አላለች። ጎበዝ።

ተሬፋ መሃረቡን ጨብጦ ወጣ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ላብ አልቦት ነበር፤ አልጠረገውም። እናቱ ውጭ ትጠብቀዋለች፣ በቅል ጭኮ ይዛለት። ልጇ ኦሮምኛ ጠፍቶበታል ብላ ቆርጣለች መሰለኝ፣ በአማርኛ ልታናግረው ሞከረች። የምታውቃት አማርኛ ደግሞ ገበያ ላይ ከነጋዴ ጨው ስትገዛ የለመደቻት ናት። ቅሉን ዘረጋችለትና፣

‹‹ውሰድ›› አለችው።

ወሰደ። ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች፤ የምትጨምረው ቃል ፈለገች፣ ፈለገች።

‹‹ቀንስ፣ ተሬፋ›› አለችው። ‹‹ቀንስ።››

ጆሮዬን ጣልኩ፤ አሁንስ በናቱ አፍ ይመልስላታል ብዬ።

‹‹እሺ›› አላት፤ በአማርኛ።