የማዘር ፒካፕ የኋላ ፍሬን

«አንቺ በምትነጂው መኪና ቁልቁለት አልወርድም። ዓሣዬን ግን ልጭንልሽ እችላለሁ።»

እንዲህ ያለችኝ ማዘር ናት፣ አጎቴ ጋራዥ በር ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። ማዘር አኙዋ ናት። ከባሮ አጥማጆች ዓሣ ትገዛለች፣ ታደርቃለች፣ በአሮጌ ፒካፕዋ ጭና በጎሬ በኩል ዞራ መቲ ድረስ ትወስዳለች፤ ስትመለስ ቡና ይዛ ነው። ከተማው በሙሉ ማዘር ነው የሚላት። አንቱ ልበልሽ ብላት «ስንት ሆኜ ታየሁሽ?» ትላለች። ያን ሰሞን ሾፌሯ ጥሏት ሄዶ ነበርና «እኔ ልንዳልሽ» ብያት ነው ያን የመለሰችልኝ።

«አንቺ እኮ በማንም ሾፌር አትወርጂም» አልኳት።

ሠራተኞቹ ሳቁ። እውነቴን ነበር። ቁልቁለት ገና ከሩቅ ሲታያት እጇን በመስኮት አውጥታ በሩን በመዳፏ ትመታለች። መኪናው ይቆማል፣ እሷ ወርዳ በእግሯ ትሄዳለች፣ መኪናው ታች ቆሞ ይጠብቃታል። ከቡሬ ወደ ጋምቤላ የሚወስደውን ያን ሁሉ ጠመዝማዛ አስቡት። ሾፌሩ የሄደው ለዚህ ነው፤ «የተቀጠርኩት ልነዳ ነው እንጂ ልጠብቅ አይደለም» አለ። ፈሪ እንዳትመስላችሁ ደግሞ። ባሮ ሞልቶ ወንዶቹ ዳር ቆመው ሲያዩ በታንኳ የምትሻገር ሴት ናት። የማታምነው ያንን ፍሬን ብቻ ነው፤ ባለማመኗም ልክ ነበረች።

ጋምቤላ ክልል የሆነችበት ሰሞን ነው ይህ። በየሳምንቱ አንድ ቢሮ ይከፈታል፣ አዲስ ታፔላ ይሰቀላል፣ ጸሐፊ ይፈለጋል። አባቴ ከደጋ የመጣ አስተማሪ ነው። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ «ታይፕ ተማሪ» አለኝ። አብረውኝ የተማሩት ሴቶች ተማሩ፣ ተቀጠሩም። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁም የመጨረሻውን ደወል ቁጭ ብዬ ጠብቄ አላውቅም፤ ሌላ ሰው የሚናገረውን ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስመታ ልውል? ከእናቴ ወንድም ጋራዥ ገብቼ ጎማ መፍታት ጀመርኩ። መንጃ ፈቃድም አወጣሁ። መኪናውን ግን ለሴት ልጅ የሚሰጥ ሰው ጠፋ። ማዘር ከተቀመጠችልኝ እነዳለሁ። ካልተቀመጠች ታይፕ። ነገሩ ይኸው ነበር።

የፒካፑ የኋላ ፍሬን ባለ ታምቡር ነው። ታምቡር ማለት ተደፍኖ የተገጠመ ብረት ድስት ነው በሉት፤ የፍሬን ሸራዎቹ ውስጥ ሆነው ወደ ውጭ እየተገፉ ነው የሚይዙት። ጅረት በተሻገርን ቁጥር ድስቱ ውኃና ጭቃ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ፍሬን ብትረግጡ ባትረግጡ ያው ነው። በእኛ አገር ደግሞ ከክረምት እስከ ክረምት ጅረት ነው። ዲስክ ግን ሜዳ ላይ ያለ ሳህን ነው። ከግራና ከቀኝ በመያዣ ይጨበጣል፣ ውኃውን አራግፎ ይጥላል። የፒካፑ የፊት ፍሬን ዲስክ ነበር። አጎቴ ግቢ ደግሞ ተገልብጦ የሞተ፣ የዚያው ዓይነት ፒካፕ የፊት እግሩ እንዳለ ተጋድሟል።

«ጋሼ፣ የዚህን የፊት ዲስክ ለምን ለማዘር ኋላ አንገጥመውም?»

«ታምቡሩን የሠራው ሰው አንቺን አላማከረም» አለ አጎቴ።

«ባሮንም አላየ።»

«አንቺ ነገረኛ፣ ክሪኩን አምጪ» አለ።

የዲስኩን መያዣ አክስሉ ላይ የሚሸከም ብረት አልነበረንም። ከአሮጌው የባሮ ወደብ ከወዳደቀ ጀልባ የተቆረጠ ወፍራም ላሜራ አገኘንና አጎቴ ቆርጦ በሳው። ጀልባው ወደ ሱዳን ይመላለስ የነበረ ነው ይላሉ። «አሁን ወደ መቲ ይሂድ» አለ አጎቴ። እኔ ቀዳዳዎቹን ሞረድኩ፣ እጄ ውኃ ቋጠረ፣ ታምቡሮቹን ከነዝባዝንኬያቸው ነቅዬ ጥግ ወረወርኳቸው። ሲወድቁ የሰጡት ድምፅ ደስ ይል ነበር።

ገጥመን ስንጨርስ ፍሬኑ አልይዝ አለ። ከቱቦው አየር ለማስወጣት እኔ ጋቢና ሆኜ እረግጣለሁ፣ አጎቴ ከሥር ማስተንፈሻዋን ይፈታል።

«ርገጪ።»

«ረገጥኩ።»

«ያዢ። ልቀቂ። በደንብ ርገጪ እንጂ፣ ምን፣ እስክስታ ነው?»

ከጠዋት እስከ ምሳ ረገጥኩ። ፔዳሉ ጭቃ እንደመርገጥ ሆነብኝ። አጎቴ «ዲስክሽ ይኸው» አለና ምሳውን ሊበላ ሄደ። እኔ የሚጠጣ ውኃ ልቀዳ ጄሪካን ይዤ ባሮ ወረድኩ። ተናድጄ ስለነበር ጄሪካኑን አፉን ቁልቁል አድርጌ ደፈቅሁት፤ አልሞላ አለ። አየሩ ከላይ ታፍኖ ተቀምጧል፤ መውጫው ደግሞ ከታች ነው። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ውኃውን ሳልቀዳ ሮጥኩ።

ፒካፑ ሥር ገባሁ። ማስተንፈሻዎቹ ሁለቱም ቁልቁል ያያሉ።

«ጋሼ፣ የቀኙን መያዣ ግራ ገጥመኸዋል።»

«ቱቦው እንዲደርስ ብዬ ነው» አለ፣ እያኘከ።

«ቱቦው ደርሷል። አየሩ ግን መውጫ የለውም፤ ማስተንፈሻው ከላይ መሆን አለበት።»

እንጀራውን አስቀምጦ መጣና አጎንብሶ አየ። «ውኃውስ የታለ?» አለኝ። አለያይተን፣ ቱቦውን አስረዝመን፣ ግራና ቀኙን አቀያይረን ገጠምን። በአሥረኛው ርግጫ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ቆመ።

ማዘር ጃንጥላዋን ይዛ መጣች። ፈተናውን ያወጣችው እሷ ናት። «ባሮ መውረጃው ላይ ትወርጂያለሽ። ጎማውን ውኃ ታስነክሪያለሽ። ወጥተሽ እንደገና ትወርጂያለሽ። እኔ ውስጥ ነኝ። እጄ በሩን ካልመታ መቲ እንሄዳለን። ከመታ ታይፕሽን ትማሪያለሽ።»

መውረጃው መኪና የሚታጠብበት ነው፤ ቀጥ ብሎ ውኃው ውስጥ ይገባል። ልብስ አጣቢው፣ ገላውን የሚታጠበው፣ መረብ የሚጠግነው ሁሉ ቀና አለ። «አዞዎቹ ምሳ መጣልን ብለዋል» አለ አንዱ። የመጀመሪያውን ወረድኩ፣ ያዘ። ያ ምንም አይደለም፤ ደረቅ ሲሆን ታምቡሩም ይይዝ ነበር። መኪናውን አዙሬ ወደ ኋላ እየነዳሁ የኋላውን ጎማ እስከ ወገቡ ነከርኩ፣ ወጥቼ ላይ እንደገና አዞርኩት። ሁለተኛውን ስጀምር የማዘር እጅ በመስኮት ወጣ።

ፍሬን ሳልነካ ለቀቅሁት። እጇ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይታየኛል። ግማሽ ላይ ስንደርስ ረገጥኩ። ፒካፑ ባለበት ተተከለ፣ የማዘር ጃንጥላ ሄዶ መስታወቱን መታው፣ እሷም ግንባሯ ሊደርስ ትንሽ ቀረው።

«ይኼ ፍሬን ነው ጥፊ?» አለች። እጇን ቀስ ብላ አስገብታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

በሩን አልመታችም።

«በይ ውረጂና ክፈቺልኝ፣ ይኼ በር ከውጭ ሰው ካልጎተተው አይከፈትም። ጎማውን ልየው።»

የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ባዶውን መጣ። አሁንም ሳብኩ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ የሚይዘው ታምቡሩን ነበር፤ ታምቡሩ ደግሞ ጥግ ወድቋል። አጎቴም እኔም አላሰብነውም።

«አልወርድም» አልኳት።

«ለምን?»

«እግሬን ካነሳሁ አብረን ባሮ እንገባለን።»

ማርሽ አስገብቼ ላጥፋው ብል ሞተሩ ደክሟል፣ ይንሸራተታል። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «ጋሼ፣ የእጅ ፍሬኑስ?» አልኩ። አጎቴ ከላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀና ራሱን አከከ። ሰው ሁሉ ገባውና ሳቁ ከውኃው ድረስ መጣ። አንዷ ልብስ አጣቢ የምታጥብበትን ድንጋይ እያንከባለለች ከጎማው ፊት ደገፈችው። «ቶሎ በሉ፣ ገና ብርድ ልብስ አለኝ» አለችን።

ወርጄ ለማዘር ከፈትኩላት። ዞራ ዲስኩን ነካችው፤ ገና ውኃ ያንጠባጥባል። አጎቴን ጠራችው።

«ይቺ ልጅ ስታቆም ይቆማል። ቆሞ የሚቆይበትን አንተ ሥራልኝ።»

«የእጅ ፍሬን ለመግጠም ጊዜ ይፈልጋል» አለ አጎቴ።

«እኔ ደግሞ ጊዜ የለኝም። የብረት ታኮ በይድልኝ፣ በሩንም ከውስጥ እንዲከፈት አድርግልኝ፤ ታኮውን ጎማው ሥር እኔው አደርገዋለሁ። መውረድ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

አጎቴ ከተረፈው የጀልባ ላሜራ ሁለት ታኮ በየደ፣ የበሩንም መክፈቻ አበጀ። ዓሣው ተጫነ። ጠዋት አባቴ ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፍ ቆመና ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፤ ስለ መኪና ምንም አያውቅም። «የት ታድራላችሁ?» አለ።

«ጎሬ» አለች ማዘር፣ «እኔ ጋ ናት።»

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። አጎቴ የጋቢናውን በር ከውጭ ዘጋላትና ታኮዎቹን አንስቶ በመስኮት አቀበላት። ማርሽ አስገባሁ፣ ጥሩንባ ነፋሁ፣ የጎሬን መንገድ ይዤ ወጣሁ።