የእማማ ጣይባ ሥር

የኮምቦልቻዋ መድኃኒት አዋቂ እማማ ጣይባ ከአባታቸው የወረሱትን ሥር ለማንም አሳይተው አያውቁም። ደሴ ድረስ ሄደው፣ ጦሳ ተራራ ላይ ለብቻቸው ቆፍረው፣ በጥላ አድርቀው ይወቅጡታል። ዓይን እንዳይለየውም ሌላ ዱቄት ይደባልቁበታል። የአዋቂ ወጉ ነው፤ ምስጢሩ ለልጅ ብቻ ይነገራል። አንድያ ልጃቸው ሳፊያ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ በ1978 ዓ.ም. በደም ካንሰር አረፈች። ሥሩን ለእብጠት እንጂ ለደም አያውቁትምና አልሰጧትም።

በዓመቱ ደምመላሽ የሚባል የደሴ ልጅ፣ ምሥራቅ ጀርመን የሚማር፣ ለክረምት መጣ። የደም ካንሰር ሕዋሶችን በብርጭቆ ውስጥ እያሳደገ፣ ሥራሥር እድገታቸውን ይገታ እንደሆነ ይፈትሻል።

«ለእብጠት የሚሰጡት ካለ ይስጡኝ» አላቸው።

የበሽታውን ስም ሲሰሙ ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ከዚያ አንድ ቋጠሮ ዱቄት ሰጡት። ስሙን ግን አልነገሩትም።

በሚቀጥለው ክረምት አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

«እማማ፣ አልሆነም። ሕዋሶቹ እንደ ልባቸው ይራባሉ። ፕሮፌሰሬ ከሚፈተሹት ሥራሥሮች ዝርዝር ሊሰርዘው ነው።»

«የአባቴን መድኃኒት?»

«ምን ላድርግ፣ ያየሁትን ነው።»

እማማ ጣይባ ቱግ አሉ። «ባቄላ አብልታችኋቸው ምን ይሁኑ ታዲያ! ይፋፉ እንጂ!»

«የምን ባቄላ?»

አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ያዙ። ግን አምልጧቸዋል። ከዱቄቱ ከግማሽ በላዩ ባቄላ ነበር።

ደምመላሽ በሳቅ ፈረሰ። «ፕሮፌሰሩን ዓመት ሙሉ ሽሮ አስመረመሩት!»

እሳቸው አልሳቁም። ወይ ወጉ ይፍረስ፣ ወይ የአባታቸው ሥር እንደ ከንቱ ይሰረዝ። በማግስቱ ደምመላሽን አስከትለው ጦሳ ወጡ። ከነቅጠሉ፣ ከነአበባው ነቅለው ስሙን ነገሩት።

«ለልጅ ነው የሚነገረው» አሉ። «ልጄ በዚሁ በሽታ ነው የሞተች። አንተ ያዝልኝ።»

የደምመላሽ ደብዳቤ በመጋቢት ደረሰ። ጎረቤታቸው ዘሀራ አነበበችላቸው፦ «ሥሩ ሕዋሶቹን አልጨረሳቸውም፤ እድገታቸውን ግን በግማሽ ቀነሰው። ሦስቴ ደገምነው፣ ያው ሆነ። አልተሰረዘም።»

ዘሀራ እልል አለች። «በሉ እንግዲህ፣ ነገ ደጅዎ በሕመምተኛ ይሞላል!»

«ወላሂ፣ ለዚህ በሽታ ለማንም አልሰጥም። የገታው በብርጭቆ ነው፤ በሰው ገና አልታየም። ያድናል ብዬ የሰው ልጅ ላታልል?»

ዘሀራ ደብዳቤውን ልታጥፍ ስትል እጇን ያዙ። ከሳፊያ የፋብሪካ መታወቂያ ጋር ሊያኖሩት ሣጥናቸውን ከፍተው ነበር።

«ቆዪ እስቲ» አሉ ቀና ብለው፤ «ያቺን ‹ሦስቴ ደገምነው› ያለባትን እንደገና አንብቢልኝ።»