ስለ አንድ ኤክስቴንሽን የሰጠሁት ቃል

የያዙኝ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ባጃጅ ስጠብቅ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «ለጥቂት ጥያቄ ነው» አሉኝ። አንዱ ላፕቶፔ ያለበትን ቦርሳ ከትከሻዬ አውርዶ፣ ሊያግዘኝ የመጣ ይመስል ራሱ አነገተው። ያን ሰሞን ሰው በትንሽ በትልቁ ይለቀም ስለነበር ለምን ብዬ አልተከራከርኩም። መንገዱን ሙሉ ጥፋቴን ስፈልግ ሄድኩና አጣሁት።

ክፍሉ ድሮ መጋዘን ነበር። ጣሪያው ዝቅ ያለ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ደብተር የማያስወጣ። አሥራ አራት ሰው ታጭቆበታል፤ ላብና የረጠበ ካርቶን ይሸታል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡትን ሰው አወቅኋቸው። የጀጎል ሰው ናቸው። ኮሌጅ ውስጥ ፕሮግራም መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በኋላም አብሬያቸው አስተምሬያለሁ። ከስድስት ወር ወዲህ ግን ሰላምታችን ራስ መነቅነቅ ብቻ ነበር። ጠጋ አሉና የካርቶናቸውን ግማሽ ለቀቁልኝ።

የተኳረፍንበትን ነገር ለሰው ማስረዳት ያሳፍራል። ኮሌጃችን ውስጥ ጀማሪዎች የሚማሩባት ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ አለች። ኮዱ የሚጻፍበት ፕሮግራም ቋንቋዋን እንዲያውቃት፣ ቃላቱን በቀለም እንዲለይና ስህተት እንዲጠቁም አንድ ተጨማሪ ይጫንበታል፤ ኤክስቴንሽን እንለዋለን። የእኛን ኤክስቴንሽን ከዓመታት በፊት ብቻቸውን የሠሩት መምህሬ ናቸው። ተማሪው መቶ መስመር ካለፈ ስታክ ያደርጋል፤ ደርቆ ይቆማል። እኔ ጥለነው አዲስ እንሥራ እላለሁ፤ እሳቸው እንጠግነው ይላሉ። ጠግነው ይመጣሉ፤ እንደገና ስታክ ያደርጋል። ሰሚ ያጣሁ መስሎኝ ውስጤ ይጨስ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር በርጫ ላይ ነበርኩ። ጫት ቅሞ የመረቀነ ሰው የሚያቅደው ነገር ለነገ እንደማይደርስ ሐረር ያደገ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ሰዓት ስንት ፎቅ ሠርተናል፣ ስንቴ ተሞሽረናል፤ ማታ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ይረሳል። እኔ ግን ያን ቀን ያቀድኩትን ጻፍኩት፤ ጽፌም እሳቸው በሌሉበት፣ ሌሎች መምህራንና ተማሪዎች ባሉበት የስልክ ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። አዲስ ኤክስቴንሽን ለምን ያስፈልገናል ብዬ አምስት ምክንያት ደርድሬያለሁ። አራቱ እውነት ነበሩ። አምስተኛው «አሮጌው ኤክስቴንሽን ሰው የሚጽፈውን ሁሉ ወደ ውጭ አገር ይልካል» የሚል ነበር። አይልክም። ሲበላሽ ብቻ፣ የተበላሸባትን አንዲት መስመር፣ ለመጠገን እንዲመቻቸው መምህሬ ውጭ አገር ወደተከራዩት ሰርቨር ይልካል። ኮዱን ከዳር እስከ ዳር ስላነበብኩት ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። በማግስቱ ጽሑፉን ስከፍት ብዙ ሰው ደግፎኛል። ደስ አለኝ፤ አላጠፋሁትም።

ጥፋቴን ያገኘሁት መርማሪው ቢሮ ስገባ ነው። ጽሑፌ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አምስተኛዋ መስመር በቢጫ ተቀብታለች። መርማሪው ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ኮሌጁ የመንግሥት ሠራተኞችንም በዚያው ኤክስቴንሽን እንደሚያሰለጥን ያውቃል። እንግዲህ በእሱ ስሌት መምህሬ የመንግሥትን ጽሑፍ ለውጭ ሰው ያቀብላሉ ማለት ነው። ምስክር ሆኜ ከፈረምኩ ዛሬውኑ ቤቴ እገባለሁ፤ ካልፈረምኩ ተባባሪያቸው ነኝ። እዚያው «ውሸት ነው» ማለት ነበረብኝ። «እስከ ነገ ላስብበት» አልኩ። እስካሁን የሚያናድደኝ ይህ መልሴ ነው።

ከሰዓት ስምንት ሲሆን ክፍሉ ከፋ። በርጫ የለመደ ሁሉ ሀራራ ያዘው፤ አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ ራሱን በጨርቅ ያስራል፣ ሌላው በጄሪካን ውኃ ምክንያት ከጎረቤቱ ይጣላል። መምህሬም በዚያ ሰዓት ቁጡ ናቸው። እኔ ደግሞ መናገር ያለብኝ ነገር አላስቀምጥ ስላለኝ ስለ እሱ መናገሩን ትቼ ስለ ኤክስቴንሽኑ ጀመርኩ። ሰውዬው ሊከሰሱበት ነው፣ አሁንም ይጠገናል ይላሉ። ችግሩ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ሳምንት ቢሰጧቸው ያስተካክሉታል። አራት ዓመት ሙሉ የሰማሁት ሳምንት። ድምፃችን ከፍ ሲል የእስረኞቹ አለቃ የሆነው የክፍሉ ካቦ፣ ጫት ነጋዴ የነበረ ግዙፍ ሰው፣ መሬት ነው የምትካፈሉት ብሎ ጠየቀን። አስረዳነው። ተማሪዎቹስ ምን ይላሉ አለ። ለካ ሁለታችንም ተማሪ ጠይቀን አናውቅም። «አቦ እንግዲያው ዝም በሉና አስተኙን» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ያኔ ለመምህሬ ነገርኳቸው። አምስተኛውን መስመር፣ መርማሪው ያለውን፣ ነገ የሚጠብቀኝን ፊርማ፣ ሁሉንም ቁልቁል እያየሁ ተናገርኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ወረቀቱን መጀመሪያ ያሳዩት ለእኔ ነው።»

«አውቀው ነው ቦታ የለቀቁልኝ?»

«የት ልትቀመጥ ነበር? ወላሂ ውሸቱ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አይከነክነኝም። ያላነበበ ሰው ይዋሻል። አንተ አንብበኸዋል። ማንበብ ያስተማርኩህ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ዐሥር ሰዓት ላይ ለሶላት ተነሡ፤ እግራቸው እንዳይነካኝ ተጠንቅቀው አለፉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ። መርማሪው ፊት ጽሑፉ ውሸት ነው አልኩ። ለምን ጻፍከው አለኝ። ቃል የሚጽፈው ፖሊስ የሐረር ልጅ ነው፤ መርማሪው ስልክ ሊያነሳ ሲወጣ ወደ እኔ ጠጋ አለና ዝቅ ባለ ድምፅ መከረኝ። «በምርቃና ነው የጻፍኩት በል። እዚህ አገር ይህን የማይረዳ የለም። አንተም ትወጣለህ፣ እኛም እንገላገላለን።»

ደግ ሰው ነው፤ ምክሩም ሐሰት አልነበረም። በእርግጥም መርቅኜ ነበር። ነገር ግን የመረቀነ ሰው የሚናገረው እውነትም ውሸትም ሊሆን ይችላል። እንዲያ ብዬ ብወጣ እኔ ነጻ እሆናለሁ፤ ጥርጣሬው ግን እሳቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በማግስቱ ሳልመረቅን ያላጠፋሁትስ በምን ነበር?

መርማሪው ሲመለስ ቃሌን በራሴ እጅ ልጻፍ አልኩ። ፈቀደ። ኤክስቴንሽኑ ምን እንደሚልክና መቼ እንደሚልክ፣ ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው በሚገባው አማርኛ ጻፍኩ። ቀጥዬ «ኮዱን አንብቤዋለሁ። የጻፍኩት ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። የጻፍኩት አዲሱን ሥራ የራሴ ለማድረግ ስለፈለግኩ ነው» አልኩና ፈረምኩ። መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበው። በዚህ ወረቀት ራስህን ነው ያሰርከው አለኝ። እስክሪብቶውን ክዳኑን ከድኜ መለስኩለት።

መምህሬ በዐሥረኛው ቀን ተፈቱ። ሲወጡ ካርቶኑን በሙሉ ተዉልኝ። እኔ ክስ ሳይመሠረትብኝ ሁለት ወር ተኩል ቆየሁ። ሐሰት አሠራጭተሃል አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን በዚያው ሐሰት ሰው ላይ ሊያስፈርዱ የነበሩት እነሱ ናቸው።

ኮሌጁ አልመለሰኝም። አሁን ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ፣ ከጫት ተራው ራቅ ብላ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ማታ ማታ አስተምራለሁ፤ በዚያችው ቋንቋ፣ በዚያው ኤክስቴንሽን። ዛሬም መቶ መስመር ሲያልፍ ስታክ ያደርጋል። ተማሪ ፊት ቆሜ ስጠብቀው የድሮው ንዴቴ እንዳለ ይመጣል። ሰዎች ስለ እስሩ ሲጠይቁኝ ያሰሩኝን እወቅሳለሁ፤ ይገባቸዋል። ያቺን መስመር የጻፍኳት ግን እኔ ነኝ፤ እሷን የማላክክበት ሰው የለኝም።

ካቦው ያለው ዘግይቶ ገብቶኝ በዚህ ዓመት ተማሪዎቼን ጠየቅኋቸው። አዲስ ይሠራ አሉ። መሥራት ከመጀመሬ በፊት አዲስ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አነበብኩትና ማጥፋት ጀመርኩ። በመጨረሻ የተረፈችው «አሮጌው ቀርፋፋ ነው» የምትል አንዲት መስመር ናት። እሷን አትሜ ጀጎል፣ መምህሬ ቤት ሄድኩ። ከተፈታን ወዲህ ቤታቸው ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ገጹን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ባዶ ነው።

«ይኸው ብቻ ነው?»

«ይኸው ብቻ ነው፣ መምህር።»

እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከ«ቀርፋፋ» በፊት «በጣም» ብለው ጨመሩበትና መለሱልኝ።