የመዲና ቤተሰብ መላሂ የገባ ዕለት

መዲና ከባቲ ተነሥታ ኻርቱም ስትገባ ገና ለጋ ልጃገረድ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ከአንዱ ቪላ ወደ ሌላው እየተዘዋወረች ስትሠራ ኖራ የአምስት ልጆች እናት ሆነች። ጠዋት ከምትኖርበት ሰፈር ከካላክላ ሚኒባስ ተሳፍራ ትወጣለች፣ ሲመሽ ሰው በሰው ላይ በተነባበረበት ሚኒባስ ትመለሳለች። ሥራ የማይሰለቻት፣ አንዴ ያለችውን የማታጥፍ፣ ሳቋ አጥር ዘሎ ጎረቤት የሚያስቅ ሴት ነበረች።

የምትኖርበት ግቢ ጠባብ ነው፤ የሚኖርበት ሰው ግን ብዙ። እሷና ልጆቿ አሉ፤ ባሏ ሞቶባት አራት ልጆቿን ይዛ የተጠጋቻት እህቷ ሐምዲያ አለች፤ አማቷ እማ ፋጤ አሉ። መዲና ቤት ፍለጋ በወጣች ቁጥር አከራዮች መጀመሪያ የሚጠይቋት «ስንት ናችሁ?» ብለው ነው። መልሱን ሲሰሙ በሩ ይዘጋል። ይህን ጥያቄ እንደ ስድብ ትቆጥረው ነበር።

ባሏ አባስ በካላክላ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። እናቱ እማ ፋጤ የወሎ ሰው፣ አባቱ ሱዳናዊ፣ እሱ ራሱ የኻርቱም ልጅ፤ አማርኛው ግማሹ ዐረብኛ ነው። መዲናን ከማግባቱ በፊት ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር ዐዊያ የምትባል ሚስት ነበረችው፤ ሰባት ልጆች ወልዳለታለች። መዲናን ያመጣ ጊዜ ዐዊያ ልብሱን በአንሶላ ቋጥራ ደጅ አስቀመጠችለት። አልፈታትም፣ አልፈታችውም። በየሳምንቱ የልጆቹን ቀለብ በር ላይ ሰጥቶ ይመለሳል እንጂ ወደ ውስጥ አልፎ አያውቅም። ሁለቱ ጣውንቶች ዐይን ለዐይን ተያይተው የማያውቁ ሲሆን፣ እማ ፋጤም የጀሪፎቹን የልጅ ልጆቻቸውን ካዩ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ነገሩ የተጀመረው ጦርነቱ ኻርቱም ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ በዒድ ማግሥት ነው። መዲና እንደ ልማዷ የእመቤቷን ልጆች በወንዙ ዳር ወዳለው መላሂ፣ ማለትም ወደ ትልቁ የልጆች መጫወቻ፣ ወስዳ አጫውታ ማምሸቷ ነው። ቤት ገብታ እግሯን ስትታጠብ ሁለተኛ ልጇ ሰማሕ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ዩማ፣ ያ ሰማይ የሚደርሰው ጎማ ይዞራል?»

«ይዞራል የኔ ልጅ።»

«ልጆቹ ሲወጡ አንቺ የት ነሽ?»

«ከታች ነኛ።»

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጫማቸውን እይዛለሁ።»

ሰማሕ ትንሽ አሰበች። «እኛ ስንሄድስ ማን ይይዝልናል?» አለች። ለማስቀየም አይደለም፤ እውነት መልሱን ፈልጋ ነው። መዲና ግን እግሯን ማሸቷን ተወች። ይህን ያህል ዓመት የሰው ልጅ ስታመላልስ የራሷን አንድ ቀን ወስዳ አታውቅም።

በሚቀጥለው ዓርብ ነጠላ ጫማዋን ተጫምታ ብቻዋን ወደ መላሂው ሄደች። የቦታው ኃላፊ ኡስታዝ ነጂብ የሚባል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ ሰውዬ ነው። ለብዙ ልጆች ዋጋ ይቀነስ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ለትምህርት ቤት እንቀንሳለን፤ ግማሽ እናደርግላቸዋለን» አላት።

«እኔም ከትምህርት ቤት አላንስም፣ ኡስታዝ።»

ሰውዬው ሳቀ። «ስንት ናችሁ?»

መዲና ያ ክፉ ጥያቄ ጆሮዋ ውስጥ ሲገባ እንደ ወትሮዋ ልትሸማቀቅ ነበር። ግን የሰውዬው ፊት እንደ አከራዮቹ አልተቋጠረም።

«ስንት ብንሆን ይበጃል?» ስትል ጥያቄውን መለሰችበት።

«ሃያና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ፣ የዒዱ ግርግር ካለፈ በኋላ በሥራ ቀን ከመጣችሁ፣ እንደ ትምህርት ቤት አስገባችኋለሁ። ምግባችሁንም ይዛችሁ ግቡ። አንድ ሰው ከጎደለ ግን ወላሂ፣ በሙሉ ዋጋ ነው፤ እኔም አለቃ አለብኝ።»

«ኢንሻአላህ እንሞላለን» ብላ ወጣች።

ሚኒባስ ውስጥ ሆና የግቢዋን ሰው በጣቷ ቆጠረች። እሷ፣ ልጆቿ፣ ሐምዲያና ልጆቿ፣ እማ ፋጤ፤ አሥራ ሁለት። አባስ መኪናውን ካልጠበቀ ስለማይሆን አልቆጠረችውም። ስምንት ሰው ጎደላት። መቼም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እሷ ግን በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሎሚው አነሳት። የቁጥር ነገር ብቻ ቢሆን ከጎረቤት ልጆች ሰብስባ መሙላት ትችል ነበር። ሐሳቧ ግን ሳታዘው ወንዙን ተከትሎ ጀሪፍ ደረሰ። ሰባት ልጆችና አንዲት እናት፣ ልክ ስምንት።

ማታ ለአባስ ስለ መላሂው ብቻ ነገረችው፤ ስለ ጀሪፍ ትንፍሽ አላለችም።

«ያ መዲና፣ ዕጣ እናውጣ» አላት በዐረብ አጠራር። «ግማሹ ልጅ ዘንድሮ ይሂድ፣ ግማሹ ለዓመት።»

«ዕጣ ያልወጣለትን ልጅ አንተ ታባብላለህ? እኔ አልችልበትም። ወይ ሁላችን፣ ወይ ማንም።»

ለእማ ፋጤ ግን ሹክ አለቻቸው። አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን አቁመው አዩዋት።

«ታዋርድሽ ይሆናል» አሉ።

«ታዋርደኝ እማ፤ እኔ ስዋረድ የመጀመሪያዬ አይደለም። እርስዎስ የልጅ ልጆችዎን ማየት አይፈልጉም?»

እማ ፋጤ የሻሻቸውን ጫፍ ዐይናቸው ላይ ጫን አድርገው ቆዩና «ሂጂ። አላህ አፍሽን ያጣፍጠው» አሏት።

መዲና ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዝታ፣ ሰማሕን በእጇ ይዛ ጀሪፍ ወረደች። የጡብ መተኮሻዎቹን አልፋ፣ እየጠየቀች ቤቱን አገኘች። በሩን የከፈተችው ራሷ ዐዊያ ናት። ረጅም ናት፤ ቶብ የሚባለውን የሱዳን ሴቶች ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩን በአካሏ ሞላችው። መዲናን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ማን እንደሆነች አልጠየቀችም፤ ዐይኗ ሰማሕ ላይ ሲያርፍ ዐወቀቻት።

«ልኮሽ ነው?» አለቻት በዐረብኛ።

«አያውቅም። ቢያውቅ እግሬን ያሥር ነበር።»

ዐዊያ ከበሩ ፈቀቅ አላለችም። «እሱ ልኮሽ ቢሆን ይሄን በር አፍንጫሽ ላይ ነበር የምዘጋው። በይ፣ ያመጣሽን ተናገሪ።»

መዲና ሚኒባስ ውስጥ ስትለማመደው የመጣችው ንግግር ብን ብሎ ጠፋባት። «ልጆቻችን አንድ አባት ነው ያላቸው፣ ኡም ሙስዐብ» አለች፤ ዐዊያን በበኩር ልጇ ስም እየጠራች። «መላሂ ልወስዳቸው ነው። ሃያ ካልሆንን አንገባም። ያለ እናንተ አንሞላም።»

«ለቁጥር ፈልገሽን ነዋ!»

«ለቁጥርማ ጎረቤት ሞልቶኛል። እዚህ ድረስ የመጣሁት ለቁጥር ብቻ አይደለም።»

በዚህ መሐል ከዐዊያ ክንድ ሥር አንዲት ልጅ አንገቷን ብቅ አደረገች። ሰማሕን አየቻት፤ ሰማሕም አየቻት። የሁለቱም ቅንድብ፣ የሁለቱም የፊት ጥርስ ክፍተት አንድ ነው፤ አባስን ለሁለት የከፈሉት ነው የሚመስሉት። ልጆቹ ሳይተዋወቁ ሳቁ። ዐዊያ ቁልቁል አይታቸው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«እንግዳ ደጅ ቆሞ ውኃ አይነፈግም» አለችና በሩን ለቀቀች።

ውስጥ ገብተው ውኃ ጠጡ፤ ከውኃው በኋላ ሻይ ተፈላ። ስለ አባስ አላነሡም። ስለ ልጆች ትኩሳት፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ እማ ፋጤ ጉልበት ሕመም አወሩ። ዐዊያ የአማቷ ጉልበት እንደሚያማቸው ስትሰማ ደነገጠች፤ ማንም አልነገራትም ነበር። መዲና ልትሰናበት ስትነሣ ዐዊያ «ምግቡን እኔ እሠራለሁ» አለች። «የሐበሻ በርበሬ ልጆቼ አይችሉም።»

መዲና መንገዱን በሙሉ እየዘፈነች ተመለሰች፤ ሰማሕ እስክታፍር ድረስ።

ለአባስ የነገረችው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሰውዬው ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ሁለታችሁም? በአንድ ሚኒባስ?» ደጋግሞ የጠየቀው ይህንኑ ብቻ ነው። በመጨረሻ መኪናውን እንደሚነዳ፣ ግን ከመኪናው እንደማይወርድ ምሎ ተስማማ።

ቀኑ ደረሰ። ካላክላዎቹ ከነ ከርከዴ መጠጥ ጀሪካናቸው ተሳፍረው ጀሪፍ ሲደርሱ ዐዊያ ድስቶቿን ደርድራ፣ ልጆቿን አስጊጣ በር ላይ ቆማለች። እማ ፋጤ ሚኒባሱ በወጉ ሳይቆም ካልወረድኩ አሉ። የጀሪፍ ልጆች መጀመሪያ አፈሩ፤ ትንሹማ አያቱን አላወቃቸውም። ዐዊያ ግን ጎንበስ ብላ የአሮጊቷን ራስ ሳመች፤ እማ ፋጤ አንገቷን አቅፈው አልለቅ አሉ። አባስ መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊት ብቻ ይመለከታል።

አንድ ሰው ጎደለ። የበኩሩ ልጅ ሙስዐብ «እኔ ከሕፃን ጋር መላሂ አልሄድም» ብሎ ሌሊቱን ወደ አጎቱ ቤት ሄዷል። ዐዊያ ይህን የተናገረችው መላሂው በር ላይ፣ ተቆጣጣሪው መቁጠር ሲጀምር ነው።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ ተቆጣጣሪው። «ኡስታዝ ነጂብ ሃያ ነው ያለኝ።»

ልጆቹ የብረቱን አጥር ጨብጠው ከውስጥ የሚመጣውን ሙዚቃ ያዳምጣሉ። ሐምዲያ «እንመለስ ይሆን?» ብላ አንሾካሾከች። መዲና ዐዊያን አየቻት፤ ዐዊያም መዲናን አየቻት። ከዚያ ሁለቱም እኩል ዞረው መኪና ማቆሚያው ጥግ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ የተኛ ያስመሰለውን ሰው ተመለከቱ።

«አንቺ በዚህ በር፣ እኔ በዚያኛው» አለች ዐዊያ።

አባስ ሁለቱም በሮች በአንዴ ሲከፈቱ ጮኸ። «መኪናውስ? መኪናውን ማን ይጠብቃል?»

«አላህ ይጠብቀዋል!» አለችው መዲና።

«ቁልፉን ንቀልና ውረድ፤ ያላ!» አለችው ዐዊያ።

አንዷ በቀኝ እጁ፣ ሌላዋ በግራ እጁ ይዘው ሲያመጡት ልጆቹ ሁሉ በጭብጨባ ተቀበሉት። ተቆጣጣሪው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «ዒሽሪን!» ብሎ ጮኸ፤ ሃያ ማለቱ ነው። «ይሄ ቤተሰብ ነው ወይስ ሰፈር?»

«ቤተሰብ ነው» አለች መዲና። በዕድሜዋ እንዲያ ደረቷን ነፍታ የተናገረችው ቃል አልነበረም። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

የሥራ ቀን በመሆኑ ቦታው የእነሱ ብቻ መሰለ፤ ሰልፍ የለ፣ ግፊያ የለ። ልጆቹ በሚጋጩት ትንንሽ መኪኖች ገብተው ካላክላ በአንድ ወገን፣ ጀሪፍ በሌላ ወገን ሆነው ተላተሙ፤ ቆይተው ተቀላቀሉና የማን ልጅ የማን እንደሆነ መለየት አቃተ። በሚወዛወዘው መርከብ አባስ ዐይኑን ጨፍኖ ቁርኣን ሲቀራ፣ ከጎኑ የተቀመጠች የገዛ ልጁ «አባ፣ ገና አልተነሣም እኮ!» አለችው። እማ ፋጤ ሰማይ የሚደርሰውን ጎማ ከታች ሆነው ሽቅብ እያዩ፣ «እኔ ለመሞት አልቸኩልም» ብለው ጥላ ሥር ድስቶቹን ተደግፈው ተቀመጡ። የሁሉም ጫማና ቦርሳ እሳቸው ዘንድ ተከመረ።

መዲና ጎማው ላይ የወጣችው ከዐዊያና ከሁለቱ ተመሳሳይ ሴት ልጆች ጋር ነው። ወንበሩ ከመሬት ሲነሣ ብረቱን ሙጭጭ አድርጋ ያዘች። ከፍ ሲል ግን ጥቁር ዐባይ ታች ተዘረጋ፤ ድልድዮቹ፣ የመስጊዶቹ ሚናራዎች፣ በወዲያኛው ማዶ ደግሞ አቧራ የለበሱ ሰፈሮች ታዩ። ይህን ያህል ዓመት ስትኳትንባት የኖረችውን ከተማ በአንድ ዕይታ አየቻት። «የኛ ቤት የቱ ጋ ነው?» እያሉ ልጆቹ ይንጫጫሉ። መዲናም ሳይታወቃት እልልታዋን ለቀቀችው፤ ዐዊያ በሱዳኖቹ እልልታ፣ በዘግሩዳ፣ ተከተለቻት። ታች ያሉት ሁሉ ቀና ብለው አዩ። ኡስታዝ ነጂብ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከቢሮው ወጥቶ እጁን አወዛወዘላቸው።

ምሳው ፉልና ጣዕሚያ የሚባለው የሽንብራ ጥብስ ነበር፣ የተጠበሰ ዓሣም ነበረው። ዐዊያ ለመዲና ብቻ የሚሆን በርበሬ በትንሽ ዕቃ ይዛ መጥታ ኖሯል፤ ከየት እንዳገኘችው ግን አልተናገረችም። ከርከዴው እስኪያልቅ ጠጡ፤ አባስ በሁለቱ ሚስቶቹ መካከል ተቀምጦ ማንን ቀድሞ እንደሚያመሰግን ግራ ሲገባው እናቱን አመሰገነ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጆቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደጋግፈው ሚኒባሱ ውስጥ ተሞሉ። ከግማሽ በላይ የሆኑት መኪናው ሳይንቀሳቀስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዐዊያ የረዳቱን ቦታ፣ በሩ አጠገብ ያዘች። ጀሪፍ ሳይደርሱ አንድ ፌርማታ ላይ ከሥራ የተመለሱ ሰዎች ተሰብስበው ነበርና ሚኒባሱን ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው ወደ መንገዱ ወጡ። አባስ በልማዱ ፍሬኑን ሊረግጥ ሲል ዐዊያ ግማሽ ሰውነቷን በመስኮት አውጥታ እጇን አወናጨፈች።

«ቦታ የለም!» ስትል ጮኸችባቸው። «ዓኢላ ነው! ቤተሰብ ነው የጫነው! ንዳው አንተ!»