የጋሽ ዘለቀ ጥሩምባ

ይህ የጥሩምባ ጉዳይ በጠቅላላ ያስወጣኝ አንድ የእጅ ስልክና አንድ ግትርነት ነው። ስልኩ አሁንም አለ። ትናንት ጠዋት ፒያሳ ሱቄን ስከፍት የለመድኩት የእድር ጥሩምባ ከስልኩ ውስጥ ተነፋ። ከጥሩምባው በኋላ ግን የጋሽ ዘለቀ ድምፅ አልተከተለም። ልጃቸው ነበረች፤ «አባቴ አርፈዋል» አለች።

ጋሽ ዘለቀ ከውቤ በረሃ እስከ አምስት ኪሎ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰፈራችን ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን ጥሩምባቸውን የሚሰማ ጎረቤት አጡ። እድሩም ሊፈርስ ነው ተባለ። እሳቸው ግን ስልክ ገዝተው፣ ጥሩምባቸውን አንዴ አሳምረው ነፍተው ቀዱት። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲያርፍ ቅጂውን ለሁላችን ይልኩና የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት በድምፃቸው ያስከትላሉ። አውቶቡስ እየቀያየሩ ሽማግሌዎቹን ቤት ለቤት ስልክ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

ዋናው ተቃዋሚ እኔ ጫማ ነጋዴው ነበርኩ።

«ጋሽዬ፣ ለቅሶ በስልክ? ነገ ንፍሮውንም በስልክ ሊልኩልን ነው?»

«ንፍሮውን በእጅህ ታመጣለህ፤ ያውም እየሰሰትክ። መርዶው ግን የታክሲ ሰልፍ ይጠብቅ?»

«ለእኔ ስልክ ምን ያደርግልኛል? ደንበኛዬ እንደሆነ በእግሩ ነው የሚመጣው።»

«ቀባሪህም በእግሩ ነው የሚመጣው። ማን ይጥራው?»

ስልክ ገዛሁ። ባንኮኒዬን ተደግፈው ሲያስተምሩኝ፣ «ቀስ በል፤ ጠባብ ጫማ ለደንበኛ እንደምታስገባው አትጫነው» ይሉኝ ነበር።

በዓመቱ ባለቤቴ አረፈች። አዲሱ ቤቴ ከከተማው ዳር ነው፤ የግድግዳ ጎረቤቴን እንኳ በስም አላውቀውም። በማለዳ ጥሩምባቸው ተላከ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ የድሮ ሰፈሬ ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ ደጄ ላይ ነበር። ጋሽ ዘለቀ ጥግ ይዘው ተቀመጡ፤ «ነግሬህ አልነበር?» አላሉኝም። ለዚህች ዝምታቸው ብቻ እንኳ እስክሞት አመሰግናቸዋለሁ።

አንድ የወረዳ ስብሰባ ላይ ስለ ቴክኖሎጂና ዘላቂ ልማት ብዙ ሲነገር እጃቸውን አወጡ። «ዘላቂ የምትሉት ቤት ሲፈርስ አብሮ የማይፈርሰውን ከሆነ፣ እኛ ዘንድ አንድ አለ» ብለው ተቀመጡ።

ጋሽዬ፣ ለቀብርዎ የጠራን የራስዎ ትንፋሽ ነው። ጫማ ሻጩም ንፍሮ ይዤ መጥቻለሁ፤ ዛሬ አልሰሰትኩም። በሰላም ይረፉ። ጸሐፊያችን እንደ ደንቡ ስም ጠርቷል፤ ከአባላቱ የቀረ የለም። የጎደሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።