ከአባቴ የመድን ደብተር ስወጣ

ከደሴ በወጣሁበት ዋዜማ አባቴ አኩርፎኝ አመሸ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሲናደድ አይጮህም፣ የስፌት መኪናውን ፈታትቶ ዘይት ይቀባል። ያን ምሽት መኪናዋ የዓመት ዘይቷን ጠጣች። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሻንጣዬን እዘጋለሁ፣ መልሼ እከፍታለሁ፣ እንደገና እዘጋለሁ።

«መቀሌ ምን አለ?» አለኝ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል።

«ሥራ።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ያለው ያንተ ሥራ ነው አባዬ። እኔ የራሴን ነው የምፈልገው።»

እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ ወንድሜም ዓረብ አገር ከሄደ ወዲህ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን፤ ስለዚህ ያልኩት ነገር የት ቦታ እንደሚወጋው ጠፍቶኝ አይደለም። ቢሆንም አልኩት። ጎህ ሳይቀድ ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ መጣ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት እጁን ሰደደና የጤና መድን ደብተሩን ጭኔ ላይ ጣለልኝ። «እኔ እንደሆንኩ አልታመምም። አንገትሽን አሳይበት» ብሎ ዞሮ ሄደ፤ እንደ ሌላው ሸኚ ቆሞ እጁን አላወዛወዘም።

አንገትሽን ያለው እንቅርቴን ነው። ከልጅነቴ አብሮኝ ያደገ፣ መጀመሪያ ሻርፕ የሚሸፍነው፣ ኋላ ሻርፑም ያቃተው እንቅርት። ያኔ በጀርባዬ ስተኛ ጉሮሮዬን መጫን ጀምሮኝ ነበር።

ደብተሩን ለማታውቁት ደግሞ ልንገራችሁ። ደሞዝተኛ ያልሆነ ሰው፣ ገበሬውም ነጋዴውም እንደኛ ያለው የእጅ ሥራ ሰውም፣ በዓመት አንድ ጊዜ በቤተሰብ ያዋጣና ከቤቱ የታመመ ሲኖር ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ባልታመመበት ዓመት ያዋጣው ለታመመ ጎረቤት ይሆናል፤ በሌላ ዓመት ደግሞ ጎረቤት ለእሱ። በአባቴ ደብተር ላይ የእሱ ፎቶ ከላይ፣ የእኔ ከሥር ተለጥፏል። እኔ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ እንኳ ለእኔ ጨምሮ እየከፈለ ፎቶዬን እዚያው አቆይቶት ነበር።

መቀሌ ስደርስ መጀመሪያ የናፈቀኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ጉም ነው። ደሴ ጠዋት ጠዋት ጎረቤትን የሚደብቅ ጉም አለ። እዚህ ሰማዩ ገና በጠዋቱ ወለል ብሎ ይጠብቃችኋል፣ ነፋሱም አቧራውን ይዞ ሳያንኳኳ ይገባል። ውሃ በተራ ስለሚመጣ በየግቢው ከሰው ቁጥር በላይ ቢጫ ጀሪካን አለ። የደሴ ሰው «የኔ ማር፣ የኔ ቆንጆ» እያለ ሰላምታውን ያጣጥመዋል፤ እዚህ የመጀመሪያዋ ሴት ትከሻዋን ከትከሻዬ ጋር ገጭ ስታደርገው ጠብ የፈለገችኝ መስሎኝ ወደኋላ አፈገፈግሁ። ክረምት ላይ ግን በለስ አለ፤ ሻጩ እየላጠ ሲሰጣችሁ መንገድ ዳር ቆሞ የሚበላ በለስ፣ እሱን ደሴ ብመለስም የምረሳው አይመስለኝም።

ሰሜን የሚባለው ክፍለ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ኣደይ ለተብርሃን ይባላሉ፤ «ኣደይ» እዚህ «እናቴ» ማለት ነው። ባላቸው የሞቱባቸው ብቸኛ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻዬን ምሳ ስበላ አይተው «ጓለይ፣ ልጄ፣ ብቻውን የሚበላ ሌባ ነው፤ ነይ» ብለው ጠሩኝ፣ ከዚያ ወዲያ ምሳ አብረን ሆነ። እኔ በአንዲት በተከራየኋት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ቁልፍ ይተክሉልኛል።

እንቅርቱ እየባሰ ሲሄድ የአባቴን ደብተር ይዤ በባጃጅ ዓይደር ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ደብተሩን አገላብጣ መለሰችልኝ።

«ይሄ የደሴ ነው።»

«አዎ፣ የደሴ ልጅ ነኝ።»

«እዚህ አይሠራም።»

«ደሴ ኢትዮጵያ አይደለም?»

«ኢትዮጵያ ነው እህቴ። መድኑ ግን ውል የገባው እዚያው ካሉት ጋር ነው። የመቀሌ ደብተር ቢኖርሽም መጀመሪያ ጤና ጣቢያሽ ትሄጃለሽ፣ እነሱ ሪፈር ሲጽፉልሽ ነው እዚህ የምትመጪው። ቤት ከጣሪያው ይጀመራል እንዴ?»

ተናድጄ ወጣሁ፤ የተናደድኩት ልጅቷ እውነቷን ስለሆነ ነው። በዚያው ዕለት ደብተሩን ለአውቶቡስ ሾፌር ሰጥቼ ለአባቴ መልሼ ላኩለት። አልታመምም ቢልም ሽማግሌ ሰው ነው፣ ያለ ደብተር ተቀምጦ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ለኣደይ ለተብርሃን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደህና ሆነው ለሕመም መክፈል? ሕመሙን ና ብሎ መጥራት አይደለም?» እሳቸው በዚህ ምክንያት ነው ተመዝግበው የማያውቁት። እኔ ግን ሕመሙ ሳልጠራው መጥቶ አንገቴ ላይ ስለተቀመጠ ቀበሌ ሄድኩ። ምዝገባው በዓመት አንዴ ነው የሚከፈተው፣ ሊዘጋም ጥቂት ቀን ቀርቶታል። የሚመዘግበው ሃፍቶም የሚባል ወጣት ነው፤ አንቺ ስላለኝ እኔም አንተ አልኩት።

«የቤተሰብ ብዛት?»

«አንድ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንድ ሰው ቤተሰብ ነው እንዴ?»

«እኔ ስታመም ቤቱ በሙሉ ነው የሚተኛው። ቤተሰብ ነው።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እሱም ሊስቅ ብሎ ተወው። «ባልሽስ?»

«አልመጣም።»

«እየመጣ ነው?»

«መንገድ ላይ ካገኘኸው አድራሻዬን ንገረው።»

«እና እማወራ ብዬ ልጻፍሽ?»

«ጻፍ።»

«መታወቂያ?» ሰጠሁት። «ይሄማ የደሴ ነው። መሸኛሽ የታለ?»

መሸኛ ማለት የቀድሞው ቀበሌ «ይህች ሰው የእኛ ነበረች፣ አሁን ለቅቃለች» ብሎ የሚጽፈው ነው። እሱ እንዲጻፍ ደግሞ አባወራው ራሱ ቀርቦ ልጄ ከቤቴ ወጥታለች ብሎ መፈረም አለበት። «አንድ ሰው ሁለት ቤት አይቆጠርም» አለኝ ሃፍቶም። «መሸኛውን አምጪ፣ አከራይሽንም ለምስክርነት ይዘሽ ነይ። ወይ ደግሞ አገርሽ ገብተሽ ታከሚ።»

«አገሬ ነው ያለሁት» አልኩትና ወጣሁ።

ከሱቅ ደጃፍ ሆኜ ለአባቴ ደወልኩ። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ከቤቴ ወጥታለች ብዬ ልፈርም?»

«ወጥቻለሁ እኮ አባዬ።»

«ለሥራ ነው የሄድሽው። ወንድምሽን እንዲሁ ፈርሜ አስወጣሁት፣ ይኸው ከዚያ ወዲህ ስሙን የጠየቀኝ ባለሥልጣንም ጎረቤትም የለም። አንቺን አልፈርምም። ነይና እዚህ ታከሚ፣ ደብተሩ አለ።»

«መጥቼ ልታከም፣ ከዚያስ? ሥራዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ እንደገና ካንተ መኪና ሥር ቁጭ ብዬ ጨርቅ ልለቅም? አልመጣም።»

«እንግዲያው እኔም አልፈርምም።»

«ወረቀትህ ላይ እንዳለሁ ብሞት ይሻልሃል?»

ስልኩን ዘጋው። እኔም መልሼ አልደወልኩም። ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ፣ ቢሆንም ከአፌ የወጣውን አንዱንም ቃል መመለስ አላሰኘኝም። የአንገቴ ጉዳይ ነው፣ አንገቱም የእኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን መሸኛው ባይኖርም ምስክሬን ይዤ ሄድኩ። ኣደይ ለተብርሃን ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሰልፉን አልፈው ፊት ቆሙ። ማንም ምንም አላላቸውም።

«እናቴ፣ ይህች ልጅ ከእርስዎ ጋር አንድ ማዕድ ነው የምትበላው ይባላል» አለ ሃፍቶም። «አንድ ማዕድ ከሆነ እንደ አንድ ቤተሰብ ነው የምቆጥራችሁ። ተከራይ ናት ወይስ ዘመድ?»

አንገቴን ደፋሁ። ተከራይ ናት ካሉ ምሳችንን የካዱ መሰለኝ፣ ዘመድ ናት ካሉ እኔ የራሴ ቤት የለኝም ማለት ነው።

«ሃፍቶም ወደይ» አሉት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «እኔ እናትህ ቤት ስንት ጊዜ በላሁ? ልጇ ነኝ? ይህች ልጅ የራሷ በር አላት፣ የራሷ ቁልፍ አላት፣ የራሷ ምድጃ አላት። ምሳ ከእኔ ጋር ትበላለች። እሱ የፍቅር ነው፣ መንግሥትን አይመለከትም።»

ሃፍቶም አቀርቅሮ ጻፈ።

«እኔንም ጻፈኝ» አሉ ቀጥለው።

«እርስዎ ሕመም መጥራት ነው ብለው እምቢ ያሉኝ አይደሉም እንዴ?»

«እህ! የጉልበቴን ሕመም ማን ጠራው? በል ጻፍ።»

ስንወጣ ትከሻዬን በትከሻቸው ገጭ አደረጉት። «ኣጆኺ» አሉኝ፤ በርቺ እንደማለት ነው። ምዝገባው ሊዘጋ ግን አንድ ቀን ብቻ ቀርቶ ነበር፣ አባቴም አልደወለም። የዚያን ቀን የዩኒፎርሙን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፣ ፈታሁ፣ እንደገና ገልብጬ ሰፋሁ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት የአውቶቡሱ ሾፌር ደወለልኝ። መናኸሪያ ስደርስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ዳር ዳሩ የተሰፋ ፖስታ ሰጠኝ፤ አባቴ ፖስታ እንኳ ሲልክ ይሰፋዋል። ውስጡ ማኅተም ያረፈበት መሸኛ አለ። ከመሸኛው ጋር ደግሞ ፎቶዬ። ከደብተሩ ላይ ስፌት በሚፈታበት ምላጭ፣ ጥጉ ሳይቀደድ፣ ቀስ ብሎ አንስቶታል፤ ጀርባው ላይ የደብተሩ ወረቀት ተልጦ ቀርቷል። አንድም ቃል አልጻፈልኝም።

ሃፍቶም አዲስ ፎቶ አምጪ አለኝ። «ይሄን ለጥፍ» አልኩት። «ይሄማ የድሮ ነው።» «እኔም የድሮ ነኝ፣ ለጥፍ።» ለጠፈው። እማወራ ብሎ ጻፈኝ፣ ከእኔ በታች ያሉት መስመሮች ባዶ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው በሥርዓቱ ሄደ። ወረፋ አለ፣ መመላለስ አለ፣ ነገ ነይ አለ፤ ግን ጤና ጣቢያው ሪፈር ጻፈልኝ፣ ዓይደር ምርመራውን ጨርሰው ተራ ያዙልኝ፣ ያቺ የካርድ ክፍል ልጅ ደብተሬን አይታ «አሁን ከመሠረቱ ጀመርሽ» አለችኝ። ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ስነቃ ኣደይ ለተብርሃን እግሬ ሥር ተቀምጠው ነበር። አንገቴ ቀሎኛል፣ ድምፄ ግን ሻክሮ ከሹክሹክታ አይበልጥም፤ ሐኪሙ ይመለሳል፣ እስከዚያው ድምፅሽን አታስጨንቂ ብሎኛል።

እንደኔ በሰው ከተማ ለምትኖሩ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መሸኛችሁን አውጡ። ግማሽ ሰውነታችሁን እናት አባት ደብተር ላይ ትታችሁ፣ ግማሹን ይዛችሁ አትንከራተቱ። በምትኖሩበት ተቆጠሩ። ልጃገረድ ናት፣ እንግዳ ናት፣ ብቻዋን ናት ለሚል ሁሉ የእኔን መልስ ስጡት። እኔ አይቆጨኝም።

አባቴ ግን ባለፈው እሑድ ደወለ።

«ማን ልበል?» አለ ስናገር፣ ራሱ ደውሎ።

«እኔ ነኝ አባዬ። ድምፄ ነው እንዲህ የሆነው።»

ከዚያ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጉሙ፣ ስለ ዘይት መወደድ አወራኝ። «ደብተሩን አሳደስኩ» አለኝ ቀጥሎ። «የቤተሰብ ብዛት ብሎ ጠየቀኝ ጸሐፊው። አንድ አልኩት። ‹አንድ ሰው ቤተሰብ ነው እንዴ?› ብሎ ሳቀብኝ።»

መልሱን እኔ አውቀዋለሁ። ተሰልፎ የነበረ ሰው ሁሉ የሳቀበትን መልስ። ለአባቴ ልነግረው አልቻልኩም፤ እሱ ቢታመም ቤቱ በሙሉ እንደሚተኛ ከእኔ አፍ እንዲሰማው አልፈለግሁም።

«እዚህ ና» አልኩት። «ደብተሬ ላይ ከእኔ ሥር ቦታ አለ። መኪናህን ጫናትና ና። መሸኛ አውጣ።»

ሳቀ፣ ሳሉ እስኪመጣበት። «ላንቺ እኔ ሄጄ አወጣሁልሽ» አለኝ፤ «ለእኔ ማን ሄዶ ያወጣልኛል?»

አልመለስኩለትም። ሐኪሙ ድምፅሽን አታስጨንቂ ብሎኝ ነበር፣ በሱ አመካኘሁ።